በሽታውን የሸሸገ፦ ስለ ቦርድ፣ ስለ ርስትና ስለ ጡረታ

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. አንድ ማምሻ ላይ ታላቅ ወንድሜ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። በፌስታሉ ውስጥ የሃያ ዓመት ወታደርነቱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የቅጥር ደብዳቤ፣ የማዕረግ ዕድገት ወረቀቶች፣ ሁለት የምስጋና የምስክር ወረቀቶች፣ ጠርዙ የተላላጠ አንድ የራጅ ፊልም። ከሦስት ቀን በኋላ የሕክምና ቦርድ ፊት እንዲቀርብ ታዟል። በማዕረጉ የዕድሜ ጣሪያ ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነበር።

“አንተ የተማርህ ነህ፤ ማመልከቻ ጻፍልኝ” አለኝ።

“ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?” ብዬ ብጠይቀው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። ዝምታው ለምን እንደ ረዘመ የገባኝ ቆይቶ ነው። ወንድሜ በግንቦት 1992 ዓ.ም.፣ በኤርትራው ጦርነት የመጨረሻ ዘመቻ፣ የመድፍ ፍንጣሪ ግራ ዳሌው ላይ መትቶታል። በጊዜያዊ የሕክምና ጣቢያ ቁስሉ ታጥቦ ታሰረለት፤ ሳይሽርለት ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ያን ዕለት በስሙ የተጻፈ ወረቀት ካለ የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስምንት ዓመታት ሲያነክስ እንዳይታይ ብዙ ደክሟል። በሰልፍ ላይ ጥርሱን ነክሶ ይራመዳል፤ ማታ ማታ ዳሌውን በትኩስ ጨው ያስታሽ ነበር። ሕመሙን የደበቀው ከሠራዊቱ እንዳይወጣ ብሎ ነው። አሁን ግን የሚገባውን ለማግኘት ያንኑ የደበቀውን ሕመም ማሳየት አለበት። አብዝቶ ካሳየ ሁለት ዓመት ሲቀረው “ቦርድ ይወጣል”፤ ጨርሶ ከሸሸገ ደግሞ ቁስሉ እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሸሸገውን ይወቅሳል እንጂ ለምን እንደ ሸሸገ አይጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ያን ጥያቄ ላነሣ ነው። የወንድሜ ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ዳሩ ግን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ ወጥተው ለየዘመኑ መንግሥት የዘመቱትን ትውልዶች ታሪክ ሳይጎበኙ የእርሱን ዝምታ መረዳት አይቻልም።

ርስት የነበረው ሰው

መንዝ ከጥንት ሦስት ምድር ነው፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ነጋሲ ክርስቶስ የተነሣው ከዚህ ደጋ ነው። ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ፣ ገብስ የሚያበቅል፣ በጎቹን ሸልቶ በርኖስና ባና የሚሠራ ሕዝብ ነው። ከሣርና ከድንጋይ የበለጠ ሀብት የሌለው አገር ለነገሥታቱ ሰው ሲሰጥ ኖረ። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ አጥንቶ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው “ሰምና ወርቅ” በተባለው መጽሐፉ የመንዜን ጦረኝነትና ለርስቱ ያለውን ጽኑ ፍቅር ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን መቀመጣቸው እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም።

የድሮው ወታደር ስንቁን ራሱ ይዞ፣ መሣሪያውን ራሱ ተሸክሞ ጌታውን ተከትሎ ይዘምታል። ቢቆስል የሚያክመው ወጌሻ ነው፤ የሚሸከመው ጓደኛው ነው። ጌታው ቸር ከሆነ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ቸር ካልሆነ ባዶ እጁን ይመለሳል። ነገር ግን ባዶ እጁን ቢመለስም የሚመለስበት ነበረው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት የሚወረድ መብት በመሆኑ፣ ባለርስቱ በሌለበት ጊዜ ዘመዱ ቢያርሰውም መብቱ አይሞትም። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የተባለው ለዚህ ነው። አንድ እግሩን ጥሎ የመጣ ሰው ርስቱን ሲጠይቅ የሚቀርብለት ጥያቄ “የማን ልጅ ነህ?” የሚል ብቻ ነው። ስንት እግር እንዳለው የሚጠይቀው የለም።

ይህን ስል ያንን ዘመን ማሞገሴ አይደለም። ርስት ሙግት ነው፤ ወንድምን ከወንድም ያጣላል፤ ሴቷንና ድኻውን ብዙ ጊዜ ይገፋል። ሆኖም የቆሰለ ሰው ከመንግሥት በጎ ፈቃድ ውጭ የሚቆምበት መሬት መኖሩ ትልቅ ነገር ነበረ።

ቁስለኞቹ የተደበቁበት ዋሻ

አያቴ በጣሊያን ዘመን ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ከዘመቱት አንዱ ነበሩ። የጀማንና የወንጪትን ቆላ እየወረዱ፣ የመንዝንና የግሼን ደጋ እየወጡ አምስቱን ዓመት አሳለፉ። አርበኛው ሆስፒታል አልነበረውም፤ ቁስለኛውን የሚያስቀምጠው ዋሻ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ዋሻዎች አንዱ የዘረት ዋሻ፣ ያገሩ ሰው አመፀኛ ዋሻ የሚለው ነው። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከበበ። ውስጡ የነበሩት በአብዛኛው የአበበ አረጋይ ጦር ጓዝ ጠባቂዎች፣ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቁባቸው። እጃቸውን የሰጡትን ወንዶች በመቶዎች እየቆጠሩ ረሸኗቸው። ይህ ድርጊት ለዓለም የታወቀው ስድሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የወታደራዊ መዛግብቱን ፈልፍሎ ቦታው ድረስ በሄደ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ገብተው ዋሻውን አጥንተውታል። የመንዝ ገበሬ ግን ከመዝገቡ በፊት ያውቀው ነበር፤ ሲያልፍ ፊቱን ያማትባል።

አያቴ ዘረት አልነበሩም። ነገር ግን ስለ ቁስለኛ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፦ “ቁስለኛ ወታደር ጦሩን ይገድላል” ይሉ ነበር። ምን ለማለት እንደሆነ ልጅ ሆኜ አልገባኝም። የቆሰለ ሰው መሸከምን ይጠይቃል፤ የሚሸከሙት ሰዎች አይተኩሱም፤ የሚደበቅበት ዋሻ ጠባቂ ይፈልጋል። ጦር አዛዥ ሁሉ፣ ቸርም ይሁን ጨካኝ፣ ይህን ስሌት ያውቃል። ዛሬ ቦርድ የምንለው ነገር ከዚያው ስሌት የተወለደ ነው፤ ጥቅሙ ስሌቱ በአንድ አዛዥ ልብ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው።

ከነጻነት በኋላ መንግሥቱ ለአርበኞችና ለስደተኞች መሬት ሰጠ፤ ብዙው መሬት ግን ከመንዝ ርቆ በደቡብ አውራጃዎች ነበር። በዚያ ዘመን የቀረበው ጥያቄ “የት ነበርህ?” የሚል ሆነ። ማስረጃው የጓደኛ ምስክርነት ነው። ምስክርነት ደግሞ ሁለት ፊት አለው፤ እውነተኛው አርበኛ ምስክሮቹ በየገደሉ ቀርተውበት ሳይታወቅ ሲቀር፣ ዘመድ ያለው ባንዳ አርበኛ ተብሎ የተሾመበት ጊዜ እንዳለ ያልሰማ አንባቢ የለም። አያቴ ወደ ገብስ ማሳቸው ተመለሱ። ሜዳይ ነበራቸው፤ መሬት አልጠየቁም፤ ርስት ነበራቸውና።

ጡረታ የሚለው ቃል

የኢትዮጵያ መንግሥት ለአገልጋዩ ሁሉ በሕግ የተደነገገ ጡረታ ያቆመው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ተከተለ፤ ይህ አዋጅ ብዙ ጊዜ እየተሻሻለ አርባ ዓመት ያህል ኖሯል። ከዚያ በኋላ አዋጅ 345 በ1995፣ አዋጅ 714 በ2003፣ አዋጅ 1267 በ2014 ዓ.ም. በተራቸው ተተኩ።

ጡረታ የሚለውን ቃል ቆም ብለን እንየው። የመጣው ከመጦር ነው። ልጅ አባቱን ይጦራል፤ ልጅ የሌለው “ጧሪ ቀባሪ የለውም” ተብሎ ይታዘንለታል። እንግዲህ ሕጉ ይህን ቃል ሲመርጥ መንግሥት ልጅ ሊሆን፣ አገልጋዩን እንደ አባት ሊጦር ቃል መግባቱ ነው። ቃሉ ከባድ ነው። አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የዘገየ ደመወዝ ከመሆን ይልቃል።

በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። የዚያን አዋጅ ፍትሐዊነት እዚህ አልከራከርም፤ ጭሰኛ የነበረውን ሚሊዮን ሕዝብ ነጻ ማውጣቱን የሚክድ ካለ ታሪክ አላነበበም። ነገር ግን በመንዝ ደጋ፣ ጭሰኝነት ባልበዛበት በርስት አገር፣ አዋጁ ማንም ልብ ያላለው አንድ ነገር አደረገ። ወታደሩ የሚመለስበትን መሬት ከዘሩ አውጥቶ በነዋሪነቱ ላይ አሰረው። መሬት የሚገኘው በቀበሌው ገበሬ ማኅበር በኩል ሆነ። የሌለ ሰው መሬት የለውም። ያን ጊዜ ጡረታ ከርስት በላይ የሚደረብ መሆኑ ቀረ፤ ብቸኛው መቆሚያ ሆነ። ወደዚያ መቆሚያ በቁስል ምክንያት የሚገባ ሰው የሚያልፍበት በር ደግሞ የሕክምና ቦርድ ነው።

አጎቴ በዚህ በር ካለፉት ናቸው። በ1959 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ ሳይሆን ምድር ጦር ተቀጠሩ፤ በኦጋዴን ጦርነት፣ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ቀኝ እጃቸው ከክርናቸው በታች ተቆረጠ። ቦርድ ሲቀርቡ የተከራከራቸው ማንም አልነበረም፤ እጃቸው ራሱ ምስክር ነበር። ከሶማሊያ ወረራ በኋላ አገሪቱ ለቁስለኞቿ ልቧን የከፈተችበት ጊዜ ነበር፤ በደብረ ዘይት የነበረው የጀግኖች አምባ የዚያ ስሜት ውጤት ነው። አጎቴም እዚያ ጥቂት ጊዜ ቆይተዋል። ከዚያ ወደ መንዝ ተመልሰው መሬት ሲጠይቁ “ድልድሉ ሲካሄድ አልነበሩም” ተባሉ። በአንድ እጅ ሞፈር መጨበጥ እንደማይችሉም የነገራቸው ሰው ነበረ። ቀሪ ዕድሜያቸውን ደብረ ብርሃን ከተማ በጡረታቸው ኖሩ። “መንግሥት እጄን በወረቀት ለወጠኝ” ይሉ ነበር፤ ሲሉት ግን ይስቁ ነበር።

ቦርድ ሳይኖር የተሰናበተ ሠራዊት

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የኢትዮጵያ ሠራዊት አርባ አምስት ሺህ ገደማ ነበር። በጥር ወር ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮቹ አዛዦቻቸውን ያገቱት በምግብና በውሃ ምክንያት መሆኑን እናስታውሳለን፤ ሥርዓት የሚናጋው ብዙ ጊዜ ወታደሩ “ሰው አልተባልሁም” ባለ ቀን ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ደርግ ሲወድቅ የሠራዊቱ ቁጥር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ብዙዎቹ ሁለቱ ዓመት ካለቀ በኋላም አልተመለሱም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። በሰኔ ወር አዲሱ መንግሥት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ የሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ወደየቤቱ ሸኝቷል። ከኤርትራው ጦርነት በኋላም እንደገና ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ተሰናብቷል። በአፍሪቃ ውስጥ ያን ያህል ሰው በሰላም ትጥቅ አስፈትቶ የሸኘ አገር ጥቂት ነው። ይህ ሊመሰገን ይገባል።

ዳሩ ግን በጅምላ ስንብት ውስጥ የአንድ ሰው ዳሌ አይታይም። በ1983 የተሸነፈው ወገን ወታደር ቁስሉን የሚያሳየው ለማን ነው? አፋቤት ወይም ምጽዋ ላይ የቆሰለ ሰው የቆሰለበት ቦታ ስም ራሱ የሚያሳፍር ሆነ። ስንቱ ሰው ቁስሉን “ከበቅሎ ወድቄ ነው” እያለ እንደ ኖረ በየቤታችን እናውቃለን። እንግዲህ የወንድሜ መሸሸግ የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ ከሽንፈትም ከኩራትም የተወረሰ ልማድ ነው።

ስንት ፐርሰንት?

አሁን ወደ ፌስታሉ ልመለስ። ያን ሌሊት ከወንድሜ ጋር ቁጭ ብለን ያን ጊዜ ይሠራበት የነበረውን አዋጅ 714ን አነበብን። ለአንባቢ ይጠቅማልና ስሌቱን ባጭሩ ላስረዳ።

አሥር ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 ከመቶ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ሲቪሉ 1.25 ከመቶ፣ የመከላከያና የፖሊስ አባል ደግሞ 1.65 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። በጤና ጉድለት ለሥራ ብቁ አይደለም ተብሎ የሚሰናበት ሰው አሥር ዓመት ከሞላው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፤ ካልሞላው የሚሰጠው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። በግዳጅ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከሥራ የሚወጣ ግን የአገልግሎት ዘመኑ አይቆጠርበትም፤ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ይከፈለው ከነበረው ደመወዝ 47 ከመቶ የጉዳት ጡረታ ያገኛል፤ በአገልግሎቱ የሚያገኘው የሚበልጥ ከሆነ የሚበልጠው ይከፈለዋል።

የወንድሜን ደመርን። ሃያ ዓመት፤ 30 ከመቶ ሲደመር 16.5፣ ጠቅላላ 46.5 ከመቶ። ሁለት ዓመት ቢጨምር 49.8። በመቶ ብር ደመወዝ ልዩነቱ ሦስት ብር ከሠላሳ ሳንቲም ነው። ለዚህ ነበር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣነው? ወንድሜ ቁጥሩን አይቶ ለአፍታ ፈገግ አለ። “ታዲያ ምን ያስፈራሃል?” አልሁት።

“ቦርድ ወጣ ይሉኛላ” አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሐረግ በጥሞና አድምጡት። በወታደሩ ቋንቋ በዕድሜ የተሰናበተ ሰው “ጡረታ ወጣ” ይባላል፤ በሕክምና የተሰናበተ “ቦርድ ወጣ” ነው። የመጀመሪያው የሚጦር አባት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ከመጋዘን እንደ ወጣ አሮጌ ዕቃ ያስመስለዋል። በመንዝ ሠርግና ልቅሶ ላይ ሁለቱ ሰዎች የሚቀመጡበት ቦታ አንድ አይደለም። “በጦር ሜዳ ቆስሎ” የሚል አንድ መሥመር በስንብት ደብዳቤው ላይ ቢኖር ኖሮ ግን ቦርድ መውጣት ራሱ ክብር በሆነ ነበር። የጎደለችው ያቺ መሥመር ነበረች።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሮማ ሌጌዎን እንኳ በቁስልና በሕመም ለሚሰናበት ወታደር ራሱን የቻለ የክብር ስንብት ነበረው። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በ1670፣ የእንግሊዙ ቻርለስ 2ኛ በ1682 (እ.ኤ.አ.) ለጦር ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ወታደሮች መኖሪያ ያቋቋሙት ቁስለኛ ወታደር በየመንገዱ ሲለምን የንጉሥ ስም ስለሚያጎድፍ ጭምር ነው። ዛሬ በአሜሪካ ሠራዊት ሃያ ዓመት ያልሞላው ወታደር በሕክምና ቦርድ ሲወጣ የጉዳቱ መጠን ከ30 ከመቶ በታች ከተባለ የሚያገኘው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ 30 ከሞላ የዕድሜ ልክ ጡረታ ነው። እንግዲህ በ20 እና በ30 ከመቶ መካከል የአንድ ቤተሰብ ሕይወት አለ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የዋልተር ሪድ ሆስፒታል ጉዳይ በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ያች ባለጸጋ አገር ቁስለኞቿን በወረቀት ውጣ ውረድ ስታንገላታ መኖሯ ተጋለጠ፤ የግምገማውም ሥርዓት ተለወጠ። የተለወጠው ግን ወታደሮቹ ስለተናገሩ ነው።

“ደህና ነኝ”

ማመልከቻውን ጻፍሁ። አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። ቀኑን፣ የክፍሉን ስም፣ ፍንጣሪው የገባበትን ቦታ፣ አብረውት ከነበሩት በሕይወት ያሉትን ሁለት ሰዎች ጠቅሼ፣ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ መሆኑ ተመዝግቦ ቀሪ ጊዜውን በቀላል ሥራ እንዲጨርስ የሚጠይቅ ነበር። ሁለቱንም፣ ክብሩንም ዓመቱንም፣ የሚያድን መስሎኝ ነበር። አንብቤለት አንገቱን ነቀነቀ። አጥፎ ከራጁ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተተው።

ቦርዱ ፊት ሲቀርብ አልነበርሁም። ያለውን በኋላ ነው የነገረኝ። ጠረጴዛውን ከበው አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ሐኪም፣ ወጣት ነው፣ በትሕትና “ምን ያምዎታል አባት?” አለው። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ አባት መባሉ ደነገጠው። “ተመስገን፣ ደህና ነኝ” አለ።

መንዝ ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰውም “እንዴት አደሩ” ሲባል “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና” ይላል። ይህ መልስ ሰላምታ ነው፤ የጤና መግለጫ አይደለም። ሐኪሙ ይህን ሊያውቅ አይገባውም ነበር አልልም፤ ሊያውቅ ግን አልተማረም። አራመዱት፤ ጥርሱን ነክሶ ተራመደ። ቃለ ጉባኤው ላይ “ለቀላል ሥራ ብቁ” ተብሎ ተጻፈ። ስለ 1992 ዓ.ም. ምንም አልተጻፈም፤ አልተናገረማ።

ወደ ግምጃ ቤት ሥራው ተመለሰ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ስንብቱም ዘገየ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ መንዝ ድረስ ዘልቆ በመጣ ጊዜ እርሱ በሌላ ጦር ግንባር ስንቅ ያከፋፍል ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዕድሜ ጣሪያ በክብር ተሰናበተ። ጡረታው ከ47 ከመቶ በልጧል። በሕጉ ስሌት ቁስሉ ዋጋ አልነበረውም ማለት ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ወንድሜ ይህን ያህል ታድሏል፤ ሃያ ዓመት ስለቆየ ቁጥሩ አዳነው። ሁለትና ሦስት ዓመት አገልግሎ የቆሰለው ልጅ ግን ከዕድሜ ልክ አበልና ከአንድ ጊዜ ዳረጎት የሚለየው ያቺ የጠፋች ወረቀት ብቻ ናት። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን ለማሰናበት ማቀዱን አስታውቋል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ “ደህና ነኝ” እያለ ያልፋል? የመንግሥት ወታደርም ይሁን የታጣቂ ወገን፣ ቁስል ወገን የለውም፤ ጧሪ ግን ይፈልጋል።

አስተያየቴ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቁስል በደረሰ ዕለት በሁለት ቅጂ ይመዝገብ፤ አንዱ በቁስለኛው እጅ ይቀመጥ። የቁስለኛ ወረቀት በክፍሉ መዝገብ ብቻ ሲቀመጥ ክፍሉ ሲፈርስ አብሮ ይጠፋል፤ ክፍሎች ደግሞ በአገራችን ብዙ ጊዜ ፈርሰዋል። ሁለተኛ፣ ቦርድ የሚቀርብ ወታደር የሚናገርለት ሰው ይኑረው። ሕጉ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቁሟል፤ ይግባኝ የሚባለው ግን ከተናገሩ በኋላ ነው። ያልተናገረ ሰው ምን ብሎ ይግባኝ ይላል? ሦስተኛ፣ ጡረታው ለተቃረበ ሰው ቦርድ ማስፈራሪያ መሆኑ ይቅር። ሕመሙን ያመነ ወታደር ቀሪ ዓመቱን እንደማያጣ በጽሑፍ ቢረጋገጥለት የሚሸሽግበት ምክንያት አይኖረውም።

ባለፈው ዓመት መንዝ ሄጄ ወንድሜን አየሁት። ከዘራ ይዟል፤ አሁን ያነክሳል፤ ማንም ስለማያሰልፈው መደበቁን ትቷል። የጡረታ ደብተሩን ሊያሳየኝ ያንኑ ጥቁር ፌስታል አወጣ። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ከራጁ ጀርባ የእኔን እጅ ጽሑፍ አገኘሁ። ያ ማመልከቻ፣ አንድ ገጽ ከግማሹ፣ እንደታጠፈ ነው። አልሰጣቸውም ነበር።

“ለምን ጋሼ?” አልሁት።

“እነሱ እኮ አልጠየቁኝም” አለ፤ ቀጥሎም ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እንደ ነበረው አጥፎ መለሰው። አልጣለውም።